ኢኤምአሩንና ላብራቶሪውን ማገናኘት፦ ለሆስፒታል የጤና መረጃ (ኤችአይቲ) እና የአይሲቲ ባለሙያዎች

በብዙ ሆስፒታሎቻችን ላብራቶሪው የራሱ ሲስተም አለው፣ ሀኪሙም ጠረጴዛው ላይ ኢኤምአር (የታካሚ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ) ተከፍቶለታል። በሁለቱ መካከል ግን ዛሬም ወረቀት ይመላለሳል። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ላብራቶሪው ሲስተም ውስጥ ይገባል፣ ይታተማል፣ አስታማሚው ይዞት ወደ ሀኪሙ ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ኢኤምአሩ ላይ እንደገና ይጽፈዋል። 13.2 የነበረው ሄሞግሎቢን 3.2 ሆኖ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ደግሞ ታካሚው እንደገና ክንዱን ዘርግቶ ደም ይሰጣል።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ሲስተሞች እንዲያገናኝ ለተመደበ ባለሙያ የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ በኦፕንኤምአርኤስ (ኮዱ ክፍት በሆነ የኢኤምአር ሶፍትዌር) ላይ የተሠራ ኢኤምአርና አንድ የላብራቶሪ ሲስተም ናቸው። ፋርማሲውን ወይም ራጅ ክፍሉን ለማገናኘት ብታስቡም መንገዱ ያው ነው። መልእክትን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማድረስ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ጊዜያችሁን የሚበላው ሁለቱ ሲስተሞች «ይህ ታካሚ» እና «ይህ ምርመራ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸውን ማረጋገጥ ነው። ሳይደርስ የቀረ ውጤት ይጠየቃል፣ ይፈለጋል። በሌላ ሰው ካርድ ላይ ያረፈ ውጤት ግን ማንም ሳይጠይቅ መድኃኒት ይታዘዝበታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዳይሆን ነው።

1. አንድ ቀን ሙሉ ወረቀቱን ተከተሉ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ጠዋት ካርድ ክፍል ቁሙ። አንድ ታካሚ ካርድ ሲያወጣ እዩ፣ ወደ ተመላላሽ ክፍል (ኦፒዲ) ተከተሉት። ሀኪሙ ምርመራውን ሲያዝ፣ ታካሚው ሲከፍል፣ ናሙና ሲሰጥ፣ ውጤቱን ማን አይቶ እንደሚፈርም፣ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚመለስ መዝግቡ። ሁለት ነገሮችን በተለይ አትለፉ። አንደኛው የናሙናው ቱቦ ነው፦ የሚጻፍበት የካርድ ቁጥር ነው፣ የላብራቶሪው ተራ ቁጥር ነው፣ ወይስ ስም ብቻ? ሁለተኛው ሌሊቱ ነው። ቀን ላይ ያያችሁት አሠራር ሌሊት ይቀየራል። ድንገተኛ ክፍል የገባ ስሙ ያልታወቀ ታካሚ ካርድ ሳይወጣለት ደሙ ላብራቶሪ ይደርሳል። ሲስተማችሁ ይህን ካላወቀ በመጀመሪያው ሌሊት ይጣበቃል።

በማግስቱ ያያችሁትን በአንድ ገጽ ሥሉት። የላብራቶሪ ኃላፊውን፣ የካርድ ክፍል ኃላፊውን፣ አንድ ሀኪምና አንድ ነርስ በሥዕሉ ዙሪያ ቁጭ አድርጉ። ሶፍትዌር አቅራቢው በዚህ ስብሰባ ላይ ባይኖር ይሻላል። እናንተ ገና በሚያስፈልጋችሁ ነገር ሳትስማሙ እሱ ያለውን ማስረዳት ይጀምራል።

2. በአንድ መስመር ጀምሩ

«ሁሉንም በአንዴ እናገናኝ» የሚል ትእዛዝ ከላይ መምጣቱ አይቀርም። በአክብሮት ተከራከሩ። ለመጀመሪያው ዙር አንድ የአገልግሎት ክፍልና ጥቂት ምርመራዎች ይበቃሉ፤ ለምሳሌ ተመላላሽ ክፍልን ከሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ከኬሚስትሪ ጋር። ካልቸርና ፓቶሎጂ ረጅም ጽሑፍ ስለሚበዛባቸው ይቆዩ።

ብዙዎች ውጤቱን ከላብራቶሪ ወደ ኢኤምአር በማምጣት ይጀምራሉ። እኔ ኦርደሩን አስቀድማለሁ። ሀኪሙ ኢኤምአሩ ላይ ሲያዝ ኦርደሩ የራሱ ቁጥር ይዞ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል፣ የላብራቶሪው ባለሙያም ስምና የካርድ ቁጥር እንደ አዲስ አይጽፍም። ውጤቱ ሲመለስ ያንኑ የኦርደር ቁጥር ይዞ ይመጣል። ያለ ኦርደር የሚመጣ ውጤት ባለቤቱን በካርድ ቁጥር ብቻ መፈለግ አለበት፣ ያ ቁጥር ደግሞ በእጅ የተጻፈ ነው።

3. ታካሚው ማን ነው?

ጊዜ አትቆጥቡበት። ሁለቱ ሲስተሞች ታካሚን የሚለዩበት አንድ ቁጥር ይኑር፣ እሱም የካርድ ቁጥሩ ይሁን። ኦፕንኤምአርኤስ ቁጥር ሲያወጣ በመጨረሻው ላይ የማረጋገጫ አኃዝ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ሲጻፍ ሲስተሙ ወዲያው «ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» ይላል። ቁጥሮቻችሁ ከ1 ጀምረው በተራ የሚወጡ ከሆነ ግን 20415ን 20451 ብሎ መጻፍ ሌላ እውነተኛ ሰው ላይ ያደርሳል።

የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ያለውና የማይደገም ስለሆነ ጥሩ ሁለተኛ መለያ ነው። ያለው ይመዝገብለት። ነገር ግን አስገዳጅ መስክ አታድርጉት። አዲስ የተወለደ ሕፃን የለውም፣ ራሱን ስቶ የመጣ ሰውም ሊነግራችሁ አይችልም።

ስም ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። እነዚህ ሲስተሞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው፣ እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው ያለን። በኦፕንኤምአርኤስ ሦስቱ በተለያየ መስክ ስለሚቀመጡ ችግር የለም። መልእክቱ ላይ ግን አለ። የጤና ሲስተሞች መልእክት በሚለዋወጡበት ደረጃ፣ በኤችኤል 7 ሁለተኛው ስሪት፣ የስም መስክ የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ነው፣ ያ ቦታ ለአያት ስም ከተሰጠ የአያት ስም ቀድሞ ይጻፋል ማለት ነው። የላብራቶሪው ሲስተም እንደመጣለት ካተመው «ሰላማዊት ግርማ ታደሰ» ቱቦው ላይ «ታደሰ ሰላማዊት ግርማ» ሆና ትወጣለች፣ ናሙና የሚቀበለው ልጅም «ታደሰ!» ብሎ ይጣራል። ሰላማዊት አትነሳም። የትኛው ስም በየትኛው መስክ እንደሚሄድ በጽሑፍ ተስማሙ፣ ከዚያ የታተመውን ስቲከር በዓይናችሁ እዩ።

ቀጥሎ አጻጻፉ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ኀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት። ገብረ ሥላሴ፣ ገብረሥላሴ፣ ገ/ሥላሴ፣ ገብረስላሴም እንዲሁ። መፍትሔው ስሙን ሰውየው እንደሚጽፈው አስቀምጦ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። በዚያ ቅጂ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው ይለወጣሉ፣ በሀ እና በአ ቤተሰብ ግዕዝና ራብዕ አንድ ይሆናሉ፣ ክፍት ቦታ ይወጣል፣ «ገ/» እና «ወ/» ይዘረዘራሉ። የሰውን ስም ራሱን «አስተካክላችሁ» እንዳትጽፉበት፤ በመታወቂያው ላይ ያለው አጻጻፍ የእሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በስም ብቻ ውጤት አታሳርፉ። ሕጉ ይህ ይሁን፦ የኦርደር ቁጥሩና የካርድ ቁጥሩ ይገጥማሉ፣ ፆታና የራስ ስም ያረጋግጣሉ። አንዱ ካልገጠመ ውጤቱ ማንም ካርድ ላይ ሳያርፍ «የሚጣራ» በሚባል ዝርዝር ውስጥ ይቀመጥ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰውም ጠዋትና ከሰዓት ይየው። ስለ መንትዮች አስቡ። ገና ስም ሳይወጣላቸው በእናታቸው ስም የተመዘገቡ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ፣ ፆታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሕፃናት አሉ። የሚለያቸው የካርድ ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ታካሚ ካርዱን ጥሎ ሁለተኛ ካርድ ሲያወጣና በኋላ ሁለቱ ሲዋሐዱ ደግሞ ላብራቶሪው መስማት አለበት። ለዚህ ኤችኤል 7 ውስጥ ኤ40 የሚባል መልእክት አለ። ላብራቶሪያችሁ የማይቀበለው ከሆነ ውሕደቱ በሁለቱም ቦታ በእጅ የሚሠራበት ደብተር ይኑራችሁ።

4. ቀንና ሰዓት

ኢኤምአሩ በእኛ አቆጣጠር ሊያሳይ ይችላል፣ በመልእክቱ ውስጥ የሚሄደው ቀን ግን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የቀን ቅየራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፦ ሰው ሲጽፍና ሰው ሲያይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሲቀመጥና ሲላክ በእ.ኤ.አ.። ሁለቱም ሲስተሞች በየራሳቸው ከቀየሩ ቀኑ ሁለት ጊዜ ይቀየራል፣ ማንም ካልቀየረው ደግሞ የባሰ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2017 የሦስት ዓመት ልጅ ነው። ዓመቱ እንዳለ ካለፈ ሲስተሙ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያደርገዋል። የኖርማል ወሰን በዕድሜ ስለሚለያይ የልጁ ሄሞግሎቢን በማይመለከተው ወሰን ይለካል።

የቀን መቀየሪያ ራሳችሁ አትጻፉ፣ የተፈተነ ላይብረሪ ተጠቀሙ። ከዚያም በእነዚህ ሦስት ቀናት ሞክሩት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። አንዱን እንኳ ከሳተ ጣሉት። በጳጉሜን የተወለደ የሙከራ ታካሚም አይቅር። 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ቅጹን የሚዘጋ ሲስተም ብዙ ነው።

ዕድሜውን «ወደ ሠላሳ አምስት» ብሎ የሚናገር ታካሚ ብዙ አለን። ካርድ ክፍል ቶሎ ለመጨረስ መስከረም 1 ብሎ ይሞላል፣ ከዚያ ሁሉም ሰው በዕንቁጣጣሽ የተወለደ ይመስላል። ኦፕንኤምአርኤስ የትውልድ ቀኑ ግምት መሆኑን የሚመዘግብ ምልክት አለው፣ ይጠቀሙበት። አዲሱ የመልእክት ደረጃ ፋየርም የትውልድ ቀንን በዓመት ብቻ እንድትልኩ ይፈቅዳል። የተገመተ ቀን እንደ እርግጠኛ ቀን ተልኮ ለማንነት ማረጋገጫ ከዋለ ትክክለኛውን ታካሚ «አይገጥምም» ብሎ ይመልሰዋል።

ሰዓቱም ወጥመድ አለው። ናሙና የወሰደው ባለሙያ ጠዋት 2:30 ብሎ ይጽፋል፣ ሲስተሙ ከሌሊቱ 8:30 ብሎ ይረዳዋል። ናሙናው ከኦርደሩ በፊት የተወሰደ ይመስልና መልእክቱ ይጣላል። በተቻለ መጠን ሰዓቱ በባርኮድ ንባብ ራሱ ይመዝገብ፣ ሰው አይጻፈው። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተሠራ ምርመራ ሁሉ በትናንትና ቀን እንዳይመዘገብ የሦስት ሰዓቱ ልዩነት በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ይጻፍ።

5. የምርመራዎች ሠንጠረዥ

የላብራቶሪ ኃላፊውን የምትፈልጉት እዚህ ነው። በኤክሴል አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ምርመራ ይሁን፦ ኢኤምአሩ ውስጥ ያለው ስሙ፣ ላብራቶሪው የሚጠራበት ኮድ፣ የሎይንክ ኮዱ፣ የናሙናው ዓይነት፣ መለኪያው፣ የኖርማል ወሰኑ፣ ያጸደቀው ሰው ፊርማ።

ሎይንክ ለላብራቶሪ ምርመራዎች ዓለም አቀፍ መለያ ነው፣ በነፃ ይገኛል። የሄሞግሎቢን ኮድ 718-7 ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መለኪያ ላይ ነው። ክሪያቲኒን በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ 2160-0፣ በማይክሮሞል በሊትር ሲለካ 14682-9 ነው። ግሉኮስም እንዲሁ በሚሊግራም 2345-7፣ በሚሊሞል 14749-6። ኮዱ ራሱ «መለኪያዬ ይህ ነው» ይላል።

ይህን ለምን እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የኬሚስትሪ ማሽኑ ተበላሽቶ ሌላ ተተካ። አዲሱ ማሽን ክሪያቲኒንን በማይክሮሞል ነበር የሚያወጣው፣ እኛ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ እንጂ መለኪያውን አናስተላልፍም ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሀኪም ደውለው «ክሪያቲኒን 97 ያለው ሰው እግሩ ተራምዶ እንዴት ወደ ቢሮዬ ገባ?» አሉኝ። 97 ማይክሮሞል ለ88.4 ሲካፈል 1.1 ሚሊግራም ነው፤ ታካሚው ደህና ነበር። የዳንነው ቁጥሩ ለማመን የማይቻል ስለነበር ነው። ስሕተቱ ግሉኮስ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይደውልም ነበር። 18 ሚሊሞል ማለት በ18 ሲባዛ 324 ሚሊግራም፣ አደገኛ ከፍተኛ ስኳር ነው። መለኪያው ጠፍቶ «18 ሚሊግራም» ተብሎ ከተነበበ ግን ስኳሩ የወረደበት ሰው ይመስላል፣ የሚሰጠውም ተጨማሪ ግሉኮስ ነው።

ስለዚህ መለኪያ የሌለው ቁጥር አይግባ። መለኪያው ከሠንጠረዡ ጋር ካልገጠመ ሲስተሙ ራሱ አስልቶ እንዲቀይር አትፍቀዱ፣ ወደ «የሚጣራ» ዝርዝር ይሂድ። ላብራቶሪው ማሽን ወይም ሪኤጀንት በቀየረ ቁጥር ለእናንተ ቀድሞ እንዲነግር ደግሞ በጽሑፍ ተስማሙ።

ቁጥር ያልሆኑ ውጤቶች አሉ። የቫይረስ መጠን «ከ20 በታች» ተብሎ በ«ያንሳል» ምልክት (<) ይጻፋል፣ ቁጥር ብቻ የሚቀበል መስክ ይመልሰዋል። በከፋ ሁኔታ ምልክቱን ቆርጦ 20 ብሎ ያስገባዋል። ምልክቱ ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ በኤችኤል 7ም በፋየርም አለ። «ኔግ»፣ «ኔጋቲቭ»፣ «አልታየም» የሚሉትንም ከላብራቶሪው ጋር ቁጭ ብላችሁ ወደ አንድ አማራጭ ዝርዝር አምጧቸው። ነፃ ጽሑፍ ከተፈቀደ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ወባ ኔጋቲቭ መሆኑ በአሥር ዓይነት ይጻፋል።

6. መልእክቱ

ሁለት ቋንቋዎች አሉ። ኤችኤል 7 የተባለው ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ያወጣው ሁለተኛው ስሪት ዛሬም በአብዛኛው የላብራቶሪ ሲስተም ውስጥ የሚነገረው ነው። ፋየር የሚባለው አዲሱ በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ላይ የተሠራ ሲሆን ኦፕንኤምአርኤስ ለአራተኛው ልቀቱ የሚያገለግል ሞጁል አለው። የትኛውን እንምረጥ ብላችሁ አትጨነቁ። ላብራቶሪያችሁ የሚችለውን ጠይቁ፣ ኢኤምአሩን ወደ እሱ አምጡት። ላብራቶሪው ሁለቱንም የሚችል ከሆነ ለአዲስ ሥራ ፋየርን እመርጣለሁ፣ ስሕተት ሲፈጠር ለማንበብ ቀላል ነውና።

በኤችኤል 7 ውስጥ የምትነኳቸው መስኮች ጥቂት ናቸው። ፒአይዲ (የታካሚው መለያ) በሚባለው መስመር 3ኛው መስክ የካርድ ቁጥር፣ 5ኛው ስም፣ 7ኛው የትውልድ ቀን፣ 8ኛው ፆታ ነው። ኦቢአር (የኦርደሩ መስመር) ላይ 2ኛው ኢኤምአሩ የሰጠው የኦርደር ቁጥር፣ 3ኛው ላብራቶሪው የሰጠው ነው። ሁለቱም ተመልሰው ይምጡ። ኦቢኤክስ (የውጤቱ መስመር) ላይ 3ኛው የምርመራው ኮድ፣ 5ኛው ውጤቱ፣ 6ኛው መለኪያው፣ 7ኛው የኖርማል ወሰኑ፣ 11ኛው የውጤቱ ደረጃ ነው። ይህን 11ኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። ፒ ጊዜያዊ፣ ኤፍ የመጨረሻ፣ ሲ የታረመ ማለት ነው። የታረመ ውጤት ሲመጣ የቀድሞው እንዳይጠፋ፣ ሀኪሙም መታረሙን በግልጽ እንዲያይ አድርጉ። በአሮጌው ውጤት ታካሚውን አክሞ ሊሆን ይችላልና።

ፊደላችንም የራሱ ጉዳይ አለው። መልእክቱ በዩቲኤፍ 8 (የእኛን ፊደል በሚይዝ የኮምፒውተር ኢንኮዲንግ) መሄዱን በመጀመሪያው መስመር፣ ኤምኤስኤች 18 ላይ አስታውቁ። ከመንገዱ አንዱ ቦታ በሌላ ኢንኮዲንግ ከተቀመጠ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ አይቻልም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ርዝመትን በባይት የሚቆጥር 30 ባይት የሆነ የስም መስክ አሥር ፊደል ብቻ ያሳልፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ይቆርጣል።

ሲስተሞቹን እርስ በርስ በቀጥታ አታያይዙ። አምስት ሲስተሞች ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢገናኙ አሥር መስመር ይሆናል፣ በመካከላቸው አንድ አገናኝ ሲስተም ቢኖር አምስት። በደቡብ አፍሪካው ድርጅት ጀምቢ የተሠራው ኦፕንኤችአይኤም ለዚህ ያገለግላል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ሚርዝ ኮኔክት የተባለውም አገናኝ በሰፊው የታወቀ ነው፣ ነገር ግን ከ4.6 ስሪት ጀምሮ ወደ ንግድ ፈቃድ ስለዞረ በጀታችሁን አይታችሁ ወስኑ።

7. መብራት ሲሄድ

የመብራት መቋረጥ በእኛ ሁኔታ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ሲስተሙ ከመጀመሪያው ለእሱ ይሠራ። እያንዳንዱ መልእክት ከመላኩ በፊት ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል ከወረፋው አይውጣ። ተቀባዩም ውጤቱ ዳታቤዝ ውስጥ ሳይገባ «ደርሶኛል» አይበል። መልእክት ገና በሜሞሪ እንዳለ ኤኤ (በኤችኤል 7 «ደርሶኛል») የሚል ሲስተም መብራት በሄደ ቅጽበት ውጤቱን ይዞ ይሞታል፣ ላኪው ደግሞ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ተኝቷል።

መብራት ሲመለስ ወረፋው ሁሉ በአንዴ ይፈስሳል፣ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ ይመጣል። ተመሳሳይ የመልእክት ቁጥርና ተመሳሳይ የኦርደር ቁጥር ያለው ውጤት ሁለተኛ እንዳይመዘገብ አድርጉ። ዘግይቶ የደረሰ ጊዜያዊ ውጤትም ቀድሞ የደረሰውን የመጨረሻ ውጤት እንዳይሸፍን። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ የኔትወርክ ስዊቹ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተሰካበትን ክፍል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከሰርቨር ክፍል እስከ ላብራቶሪ ያለውን እያንዳንዱን ስዊች በእግራችሁ ሂዱና እዩ።

ሕይወትን የሚያሰጋ ውጤት በስልክ መነገሩ አይቅር። ፖታሲየም 7 የሆነበትን ሰው ውጤት ስክሪን ላይ አስቀምጦ ሀኪሙ እስኪያየው መጠበቅ አይገባም።

8. ምስጢር

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይመድባል። በሥራችሁ ላይ ይህ ማለት ግንኙነቱ በተመሰጠረ መስመር ይሂድ፣ ሲስተም ለሲስተም የሚግባባበት የራሱ አካውንት ይኑረው፣ የማንም ሰው የይለፍ ቃል እዚያ አይግባ ማለት ነው። የሎግ ፋይል ውስጥ ስምና ውጤት አይጻፍ፣ የመልእክት ቁጥር ይበቃል። አቅራቢው ችግሩን እንዲያይላችሁ የስክሪን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ ስሙን ሸፍኑ። ይህ ሁሉም የሚዘነጋው ነው።

9. ሙከራ

በእውነተኛ ታካሚ መረጃ አትሞክሩ። ለብቻው በቆመ የሙከራ ሰርቨር ላይ ሃያ ያህል የፈጠራ ታካሚዎች አዘጋጁ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ችግር ይዘው ይምጡ። በጳጉሜን የተወለደች፣ ስሟ አሥራ ሁለት ፊደል የሆነ፣ መንትዮች፣ ዕድሜው በግምት የሆነ፣ ስሙ ያልታወቀ፣ ሁለት ካርድ ያለው፣ ውጤቱ «ከ20 በታች» የሆነ፣ ውጤቱ በማግስቱ የታረመ፣ ኦርደሩ ከተላከ በኋላ የተሰረዘ። ከዚያ ውጤቱ መንገድ ላይ እያለ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ሰርቨሩንም አጥፉት። መልሳችሁ ስትሰኩ እያንዳንዱ ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክለኛው ካርድ ላይ መኖሩን ቁጠሩ።

ሙከራውን ያለፈ ሲስተም ሁለት ሳምንት ከወረቀቱ ጎን ለጎን ይሂድ። በየቀኑ ሰላሳ ወረቀት በዘፈቀደ አውጡና ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ይህን ነርሷና የላብራቶሪ ባለሙያው ይሥሩት፣ እናንተ አጠገባቸው ሁኑ። እነሱ የሚያዩትን እኛ አናይም፤ አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ ከአሥር ሜትር ርቀት «ይህ ፕሌትሌት የሰው አይደለም» ስትል ሰምቻለሁ፣ ልክም ነበረች። ሁለት መስኮች ተለዋውጠው ነበር።

10. መክፈትና መከታተል

የምትከፍቱበት ቀን ማክሰኞ ጠዋት ይሁን። ዓርብ ከሰዓት ከከፈታችሁ ችግሩ ቅዳሜ ሌሊት ተረኛ ነርስ እጅ ላይ ይወድቃል። የሌሊት ተረኛው የሚደውልበት ስልክ ላብራቶሪውና ድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የወረቀት ቅጹም በመሳቢያ ይቀመጥ።

ከዚያ በየቀኑ አራት ቁጥር ጻፉ፦ ኢኤምአሩ ስንት ኦርደር ላከ፣ ላብራቶሪው ስንት ተቀበለ፣ ስንት ውጤት መለሰ፣ ስንቱ ካርድ ላይ አረፈ። አራቱ የማይታረቁበት ቀን ያ ልዩነት የማን ውጤት እንደሆነ ሳይታወቅ አይምሽ። «የሚጣራ» ዝርዝሩ እየረዘመ ከሄደ ካርድ ክፍል ወይም ላብራቶሪው አንድ ነገር ቀይሯል ማለት ነው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ይህ ሲረጋጋ የሚቀጥለው አብዛኛውን ጊዜ የኤችኤምአይኤስ (የጤና መረጃ ሥርዓት) ወርሃዊ ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ የሚገባበት ሶፍትዌር፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ የሚፈልገው ድምር ቁጥር እንጂ ስም ስላልሆነ ከኢኤምአሩ ቆጥሮ መላኩ ከላብራቶሪው በእጅጉ ይቀልላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ነው የሚሄደው። ከወሩ 1 እስከ 30 የሚቆጥር የዳታቤዝ መጠይቅ (ኩዌሪ) ከጻፋችሁ ቁጥራችሁ ከእጅ ሪፖርቱ ጋር መቼም አይገጥምም። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ጳጉሜንን ጨምሮ 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። መጠይቁን በዚያ ወር መረጃ ላይ ሞክሩት፣ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ በሌሎቹም ይገጥማል።